የሪሞት መኪና የጎማ ሰንሰለት

የጎማ ሰንሰለት በጭቃ፣ በበረዶ ወይም በሌላ አንሸራታች መሬት ላይ መኪና መሬት እንዲቆነጥጥ በጎማው ዙሪያ የሚታሰር የብረት ሰንሰለት ነው። ይህ መጣጥፍ በሬዲዮ ለሚመራ ትልቅ የጭነት መኪና ሞዴል (በተለምዶ የሪሞት መኪና) ሰንሰለት በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። ምሳሌ የሚሆነው መሬት በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ከመገናኛ ተነሥቶ በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚወጣው ነው።

ታሪክ

የዛሬው የጎማ ሰንሰለት መነሻ ሃሪ ዊድ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በካናስቶታ ከተማ የፈለሰፈው ነው። የፈጠራ መብቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1904 ነው። ሐሳቡ የመጣለት ሾፌሮች ጭቃና በረዶ ለማለፍ ጎማቸው ላይ ገመድ ወይም ሐረግ ሲጠመጥሙ አይቶ እንደሆነ ይነገራል።

በኢትዮጵያ በረዶ የሰነበተበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰንሰለት የሚያስፈልገው ለክረምት ጭቃ ነው። አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ መኪና ሲያዝ ድንጋይ፣ ቅጠልና እንጨት ጎማ ሥር መጎዝጎዝ የተለመደ መፍትሔ ነው። ሰንሰለት ግን መጎዝጎዣውን ከጎማው ጋር ይዞ እንደመሄድ ይቆጠራል።

ትልልቅ የሪሞት መኪናዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተስፋፍተዋል። የጃፓኑ ታሚያ ክሎድ በስተር የተባለውን ባለ አራት ጎማ ነጂ ሞዴል በ1987 አወጣ። የአሜሪካው ትራክሳስ በ2015 ያወጣው ኤክስ-ማክስ ደግሞ ወደ 8.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የጎማው ቁመት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ያለ መኪና መጫወቻ ቢባልም ከእውነተኛ መኪና ጋር ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

በአገራችን ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና መሥራታቸው የቆየ ልማድ ነው። ለሪሞት መኪና ሰንሰለት መሥራትም በዋናነት የሚጠይቀው ያንኑ ሙያ፣ ማለትም ሽቦን በፒንሳ ማጠፍንና መለካትን ነው።

የመሬቱ ጠባይ

መገናኛ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው።

ጭቃው ግን ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም።

በተራራው ወገብ ላይ የሚገኘው ቀይና ቡናማ አፈር በድንጋይ ላይ በስሱ የተነጠፈ ነው። ሲረጥብ ላዩ ይሟልጫል፤ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። ሰንሰለት ስሱን ሽፋን ቀዶ ጠንካራውን ስለሚነካ እዚህ ላይ ጥሩ ይሠራል።

ወደ ሜዳው፣ በተለይ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ አቅጣጫ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር ይበዛል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። በሰንሰለቱ ቀለበቶች መካከል ገብቶ ይሞላና ጎማው በጭቃ የተለበጠ ለስላሳ ድቡልቡል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰንሰለቱ ኖረም አልኖረ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመረሬ የሚሠራ ሰንሰለት ተሻጋሪዎቹ ራቅ ራቅ ያሉ መሆን አለባቸው።

አሠራሩ

የጎማ ሰንሰለት ሦስት ክፍሎች አሉት።

1. የጎን ሰንሰለት፦ በጎማው በውስጥና በውጭ ጎን እንደ ክብ የሚዞሩ ሁለት ሰንሰለቶች።
2. ተሻጋሪ ሰንሰለት፦ ሁለቱን የጎን ሰንሰለቶች እንደ መሰላል እርከን እያገናኘ በጎማው ፊት ላይ የሚያልፍ። መሬት የሚቆነጥጠው ይህ ነው።
3. መቆለፊያና መወጠሪያ፦ የጎን ሰንሰለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ሜንጦና ሰንሰለቱን የሚያጠብቅ ላስቲክ።

ሰንሰለቱ ከጎማው ላይ የማይወልቅበት ምክንያት ቀላል ነው። የጎን ሰንሰለቱ ክብ ከጎማው ዙሪያ ያነሰ ስለሆነ በጎማው ፊት ላይ ተሻግሮ ሊወጣ አይችልም። የጎን ሰንሰለት ከረዘመ ይህ ጥቅም ይጠፋል። ቤት ውስጥ የተሠሩ ሰንሰለቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት በዚሁ ነው።

ልኬት

የሚከተለው ስሌት ቁመቱ 200 ሚ.ሜ.፣ ስፋቱ 100 ሚ.ሜ. ለሆነ ጎማ ነው። ሰንሰለቱ ከ2 ሚ.ሜ. ሽቦ የተሠራ ሆኖ የአንዱ ቀለበት የውስጥ ርዝመት 11 ሚ.ሜ. ነው ተብሎ ይታሰባል።

የጎማው ዙሪያ፦ 200 × 3.14 = 628 ሚ.ሜ.

የተሻጋሪዎች ብዛት፦ በማንኛውም ቅጽበት ቢያንስ አንድ ተሻጋሪ መሬት መንካት አለበት። ይህን ለማወቅ የከሰል ዱቄት የተቀባ ጎማ መኪናው እንደተጫነበት ወረቀት ላይ ይደረግና የሚተወው አሻራ ርዝመት ይለካል። አሻራው 60 ሚ.ሜ. ከሆነ በተሻጋሪዎች መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ማነስ አለበት። 12 ተሻጋሪ ቢደረግ ርቀቱ 628 ÷ 12 = 52 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ይህም በቂ ነው።

የተሻጋሪ ርዝመት፦ የጎማው ስፋት 100 ሚ.ሜ. ሲደመር በየጎኑ የሚወርደው 15 ሚ.ሜ.፣ በድምሩ 130 ሚ.ሜ.። ይህ 12 ቀለበት ነው።

የጎን ሰንሰለት ርዝመት፦ ከጎማው ጠርዝ 15 ሚ.ሜ. ገባ ስለሚል የክቡ ስፋት 170 ሚ.ሜ.፣ ዙሪያው 534 ሚ.ሜ. ነው። 48 ቀለበት 528 ሚ.ሜ. ይሰጣል፤ የቀረውን 6 ሚ.ሜ. ሜንጦው ይሞላዋል። ተሻጋሪ የሚታሰረው በየ4ኛው ቀለበት ላይ ነው።

ይህ ቁጥር ጥንድ (ሙሉ) መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በሰንሰለት ላይ አንዱ ቀለበት ከተኛ ቀጣዩ ይቆማል። በየ4ኛው ሲታሰር ተሻጋሪዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት በተኙ ቀለበቶች ላይ ይውላሉ። በየ3ኛው ወይም በየ5ኛው ቢታሰር ግን ግማሾቹ ተጠማዘው ጎማውን በጠርዛቸው ይበሉታል።

ለአንድ ጎማ የሚያስፈልገው በድምሩ 240 ቀለበት ወይም ወደ 2.64 ሜትር ሰንሰለት ነው፤ ለአራቱ 10.6 ሜትር ያህል። የአንድ ጎማ ሰንሰለት ክብደት ወደ 200 ግራም ይደርሳል።

አሠራር በቅደም ተከተል

የሚያስፈልጉት ሰንሰለት፣ ሁለት ፒንሳ፣ የሽቦ መቁረጫ፣ ሜትር፣ 2 ሚ.ሜ. ጠንካራ ሽቦና አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ናቸው።

1. ሁለቱ የጎን ሰንሰለቶች ከየ48 ቀለበት ይቆረጣሉ፤ በየ4ኛው ቀለበት ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል።
2. 12ቱ ተሻጋሪዎች ከየ12 ቀለበት ይቆረጣሉ።
3. ሽቦው በቡሎን ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሞላ ከሆነ በኋላ በርዝመቱ ሲቆረጥ ማያያዣ ቀለበቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ተሻጋሪዎቹ ከምልክቶቹ ጋር ይያያዛሉ። ማያያዣው ሲከፈት ወደ ጎን መጠምዘዝ እንጂ መፈልቀቅ የለበትም፤ የተፈለቀቀ ሽቦ ክብነቱን አያገኝም።
4. በእያንዳንዱ የጎን ሰንሰለት ጫፍ ከሽቦ የተሠራ ሜንጦ ይገባል። የሜንጦውና የማያያዣዎቹ ሹል ጫፍ ሁልጊዜ ከጎማው ውጭ መዞር አለበት።
5. ጎማው ከመኪናው ወልቆ ሰንሰለቱ ይለበስለታል። በመጀመሪያ የውስጡ፣ ቀጥሎ የውጪው ጎን ይቆለፋል።
6. ከካላማዳሪ የተቆረጠ ቀለበት በአራት ትናንሽ ሜንጦዎች በውጪው የጎን ሰንሰለት ላይ ተወጥሮ ይታሰራል። ላስቲኩ ሰንሰለቱን ወደ መሐል ስለሚስብ ላላ ያለውን ያጠብቃል።
7. ጎማው ከተመለሰ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ሞላውም በእጅ ይጫናል። ሰንሰለቱ ቦዲ፣ ሽቦ ወይም የመሪ ዘንግ የሚነካ ከሆነ መኪናው መነሣት የለበትም።

ሰንሰለቱ በአራቱም ጎማ ላይ ቢሆን ይመረጣል። በፊቱ ብቻ ከታሰረ ቁልቁለት ላይ ኋላው ይንሸራተታል፤ በኋላው ብቻ ከታሰረ መሪው አይታዘዝም።

ፍጥነትና አደጋ

ለትልቅ መኪና ሰንሰለት የሚመከረው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሞዴል ግን ይህ ቁጥር አይሠራም። ሰንሰለቱን ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይጨምራል፤ ጎማው ባነሰ መጠንም ይበረታል። ቁመቱ 200 ሚ.ሜ. በሆነ ጎማ ላይ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር የሚፈጠረው ኃይል በትልቅ መኪና በሰዓት 50 ከሚፈጠረው ጋር እኩል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍል ክብደት ወደ 500 እጥፍ ያድጋል፤ 10 ግራም የሚመዝን ተሻጋሪ 5 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ያህል ይጎትታል። የሽቦ ማያያዣ ይህን አይችልም፤ ተበጥሶ ሲወረወር ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

የበለጠ የሚያታልለው የቆመ መኪና ነው። ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪና ራሱ ባይንቀሳቀስም ጎማው በሙሉ ፍጥነት ሊሽከረከር ይችላል። በዚህ ጊዜ ለመግፋት ጎንበስ ያለ ሰው ለአደጋ ቅርብ ነው። ስለዚህ የሪሞቱ ከፍተኛ ኃይል አስቀድሞ መቀነስ፣ የጎማው ፍጥነትም በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የተያዘ መኪና ከመነካቱ በፊት ማጥፋት የግድ ነው።

መረሬ ላይ ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ፦ ጭቃን ከሰንሰለት ለማራገፍ ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ፍጥነት ደግሞ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። መፍትሔው ተሻጋሪዎችን ማሳሳትና የሞላውን ጭቃ እየቆሙ በእንጨት መጠረግ ነው።

በሞተር ላይ የሚያስከትለው ጫና

ያለ ሰንሰለት ጎማው ሲንሸራተት ሞተሩ ዕረፍት ያገኛል። ሰንሰለት ሲታሰር ግን ጎማው ስለማይንሸራተት ጫናው በሙሉ ወደ ካምቢዮና ወደ ጥርሶች ይመለሳል። በዚህ ምክንያት የሞተሩን ጥርስ በአነስተኛ መቀየርና በየጥቂት ደቂቃው ሙቀቱን መመልከት ያስፈልጋል።

በመገናኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ካለው ወደ አንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። በነዳጅ የሚሠራ ሞዴል በዚሁ መጠን ጉልበት ይቀንሳል። በባትሪ የሚሠራው ጉልበቱ ባይቀንስም የሳሳ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዘው ቶሎ ይግላል።

በእንጦጦ ሲነዳ

በዳገቱ ላይ ሣር የያዘው አፈር ስስ ነው። ሰንሰለት የቀደደው መስመር በቀጣዩ ዝናብ የውሃ መውረጃ ይሆናል፣ ውሎ አድሮም ቦይ ይወጣዋል። ችግኝ የሚተከለውም ሰንሰለት በሚያስፈልግበት በዚያው በክረምት ነው። ስለዚህ ቀድሞ በተረገጠና ድንጋያማ በሆነ መንገድ ላይ ብቻ መንዳት ተገቢ ነው። በዚያ መንገድ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና ከብት የሚነዱ ልጆች ያልፋሉ፤ 9 ኪሎ የሚጠጋ ሰንሰለት የለበሰ መኪና እግር ቢመታ ይሰብራል። ሰው ሲመጣ መኪናውን አቁሞ ማሳለፍ ይገባል።

አያያዝ

ሰንሰለቱ ከተነዳ በኋላ በውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ይታሻል። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚዝጉት ማያያዣዎቹ ናቸው። የሳሳ ወይም አፉ የተከፈተ ማያያዣ ከተገኘ ወዲያው ይለወጣል። ላስቲኩም ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚሰነጣጠቅ በየክረምቱ መቀየር ይኖርበታል።