ምኑ ነው የጠፋው?

ብለር፣ ስመጅ፣ ፌድ፣ ዲም የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲያጋጥሙን ብዙዎቻችን «ደበዘዘ» ብለን እናልፋቸዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቃሉን የሚመርጠው ከነገሩ ላይ የጠፋው ምን እንደሆነ አይቶ ነው።

አንደኛ፣ የጠፋው ጠርዝ ከሆነ ብለር ይላል። ፎቶግራፍ አንሺው እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ በፎቶው ላይ የሰውየው ፊት የት ላይ እንዳበቃ አይለይም፤ እኛ «ብዥ አለ» የምንለው መሆኑ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለው በ16ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚያመለክተው በጽሑፍ ላይ ያረፈ እድፍን ነበር። ያልደረቀ ቀለም በእጅ ሲታሽ ግን ዛሬ ይበልጥ የሚስማማው ስመጅ ነው።

ሁለተኛ፣ የጠፋው ኃይል ከሆነ ፌድ ይላል። ፀሐይ የመታው መጋረጃ ቀለሙን ይለቃል፤ የሚርቅ መኪና ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። ለሁለቱም ቃሉ ፌድ ነው። የመጣው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የገረጣ፣ ለዛ የሌለው ማለት ነበር። ብዙውን ጊዜ በውስጡ «ቀስ በቀስ» የሚል ሐሳብ አለ። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ዲም ይባላል።

ሦስተኛ፣ የጠፋው በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሲምታታ ወሰኑ ብለር ሆነ ይላሉ። ሁለቱ ጨርሰው አንድ ከሆኑ ግን መርጅ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ምስል ብለር ከሆነ፣ መፍትሔው ማስተካከያውን ቀስ እያደረጉ ማዞር ነው። መምህሩ «ደበዘዘ ማለት ነው» ብሎ ካለፈ፣ ተማሪው ብርሃን ያነሰው መስሎት መስተዋቱን ሲያገላብጥ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው ትርጉም ነው ያሳሳተው።

እንግዲህ ከመተርጎማችን በፊት «ምኑ ነው የጠፋው? ጠርዙ፣ ኃይሉ ወይስ ልዩነቱ?» ብለን እንጠይቅ። አማርኛችንም እኮ ብዥ አለ፣ ለቀቀ፣ ፈዘዘ፣ ተምታታ እያለ ይለያል። ቃሉ ሞልቶን ሳለ ሁሉንም በ«ደበዘዘ» አንሸፍነው።