የድሮ የሞተር መጋዝን ኃይል ስለ መጨመር

በመተማና በአካባቢው ቆላ የሞተር መጋዝ ድምፅ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ከነዚህም መጋዞች አንዳንዶቹ ከእኛ ከተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ግን አዲስ ከመግዛት ይልቅ «ኃይሉን ጨምርልኝ» እያሉ ወደ መካኒክ ይወስዷቸዋል። እኔም በክረምቱ ዕረፍት ገንዳ ውሃ ከአንድ መካኒክ ዘንድ እየዋልሁ ያየሁትን፣ በፊዚክስ ትምህርት ከተማርሁት ጋር አስተባብሬ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆንና ምን እንደሚያስከፍል ለክቡራን አንባቢያን ለማስረዳት አስቤአለሁ።

የመጋዙ ሞተር ባለሁለት ምት ይባላል። ጆዜፍ ዴይ የተባለ እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ካስመዘገበው አሠራር የመጣ ነው። እንደ መኪና ሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም፤ በሩ ራሱ ፒስተኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይጨምቃል፤ በዚያው ጊዜ ከበታቹ፣ በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ከካርቡራተሩ አዲስ ድብልቅ ይስባል። ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወርዳል። ሲወርድም መጀመሪያ የጭስ መውጫውን መስኮት፣ ቀጥሎ የድብልቅ መግቢያዎቹን ይከፍታል፤ በሆድ ያለው ድብልቅም ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 9,000 ዙር ቢዞር በሰከንድ 150 ጊዜ ተኮሰ ማለት ነው። ማለስለሻ ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ብቻ ነው፤ ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ።

እንግዲህ ኃይል የሚጨመረው ብዙ አየር በማስገባትና ለዚያ አየር የሚበቃ ቤንዚን በመስጠት ነው። እዚህ ላይ የቆላ ሰው ሳያውቀው የተሰጠው ስጦታ አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስትሆን መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ናት። ከዚህ የተነሣ የመተማ የአየር ግፊት ከጎንደሩ ከመቶ 18 እጅ ያህል ይበልጣል። ይሁን እንጂ ሙቀት አየርን ያሳሳል፤ ጎንደር 20 ዲግሪ፣ መተማ 40 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ብናሰላው የሚቀረው ትርፍ ከመቶ 11 እጅ ያህል ነው። መጋዙ አንድ ብሎን ሳይነካ ይህን ያህል ተጨማሪ አየር ይስባል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግላል፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቀንሳል።

የአጎቴ መጋዝ የደረሰበት ይኸው ነው። ጎንደር ላይ ካርቡራተሩን አንድ ሠራተኛ አስተካክሎለት በደንብ ይሠራ ነበር። መተማ ወርዶ በሦስተኛው ቀን ድምፁ እንደ ፉጨት ቀጠነ፤ አጎቴም ኃይል የጨመረ መስሎት ደስ አለው፤ ከቀትር በኋላም ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ሲፈታ ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ተቧጥጦ፣ ፋሻውም ከቦታው ተጣብቆ ተገኘ። መካኒኩ እንዳሳየን፣ በትክክል የተስተካከለ የድሮ መጋዝ ያለ ሥራ በሙሉ ነዳጅ ሲለቀቅ ጥቂት ሊንተባተብ ይገባዋል፤ ግንድ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። ካንዴላው ሲፈታም ጫፉ የገብስ ቆሎ መልክ ሊኖረው ይገባል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነም በዝቶበታል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሞረድና ወደ መሮ የሚኬደው። የመጀመሪያው ሥራ ማርሚታውን ማስፋት ነው። የብዙዎቹ የድሮ መጋዞች ጭስ መውጫ ጠባብ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ያረጀው ጭስ ቶሎ ይወጣል፤ ካርቡራተሩ ግን ወዲያው ቤንዚን ሊጨመርለት ግድ ነው። ሁለተኛው፣ ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን ጋስኬት በቀጭን መተካት ነው፤ ድብልቁ ይበልጥ ስለሚጨመቅ ጉልበቱ ይጨምራል። ሆኖም ፒስተኑ ከጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ ጣሪያ ጋር ያለው ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ሦስተኛውና አስቸጋሪው መስኮቶቹን በሞረድ ማስፋት ነው። የጭስ መውጫው ጣሪያ ከፍ ሲል ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ኃይል ያገኛል፤ በዝቅተኛው ዙር ግን ይደክማል። መስኮቱ ወደ ጎን ከመጠን በላይ ከሰፋ ፋሻው ገብቶ ይሰበራል። ይህን ሥራ በግምት የሚሠራ ሰው ሲሊንደሩን ለመጣል ቢዘጋጅ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ምን ያህል ሊደረስ እንደሚችል ለማወቅ የሚከተለውን ማነጻጸር ይበቃል። ሽቲል 070 የተባለው ትልቅ የድሮ መጋዝ 106 ሴንቲ ሜትር ኩብ በሚሆን ሞተር 6.5 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። በምሥራቅ ጀርመን የኤም ዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ካደን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ከ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሞተር ብስክሌት 25 የፈረስ ጉልበት አግኝቷል። ምሥጢሩ በአብዛኛው ረጅሙና ሆደ ሰፊው ጭስ ማውጫ ነበር፤ የሚመለሰው የድምፅ ሞገድ የሚያመልጠውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ዳሩ ግን ያ ሞተር ለእሽቅድምድም የተሠራ፣ በጠባብ የዙር መጠን ብቻ የሚሠራ ነው። ግራር የሚቆርጥ ሰው እንዲህ ያለውን ማርሚታ ተሸክሞ ወዴት ይገባል?

በዚያ ላይ ብዙዎቹ የድሮ መጋዞች የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። ፍጥነቱ ሲጨምር የመጋዙ አፍንጫ ጠንካራ ነገር ነክቶ ወደ ሰው ፊት የሚወረወርበት ኃይልም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ መካኒኩ ደንበኛው ሲመጣ አስቀድሞ የሚመለከተው ሰንሰለቱን ነው። የቆላ እንጨት ጠንካራ፣ ቅርፊቱም አቧራ የተሞላ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይደነዝዛል። ደንዝዞ ዱቄት የሚያወጣ ሰንሰለት በሞረድ ተስሎ ፍቅፋቂ ማውጣት ሲጀምር፣ ፊልትሮውም ሲታጠብ፣ አብዛኛው ደንበኛ «ጨመርህልኝ» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል።

ማርሚታ ሲሰፋ አንዳንድ ሰዎች ውስጥ ያለውን የሽቦ ወንፊት አውጥተው ይጥሉታል። ወንፊቱ የተሠራው የፍም ብናኝ እንዳይወጣ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሣሩ ደርቆ የሚቆመው በበጋ፣ ዕጣን በሚለቀምበት ወራት ነው። የዕጣን ዛፍ ደናችን ትልቁ ችግርም አሮጌዎቹ ቆመው ሳለ ታናናሾቹ በእሳትና በከብት ምክንያት አለማደጋቸው ነው። ወንፊቱ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ሲሆን፣ ያለ እርሱ አንድ ብናኝ የብዙ ዓመት ችግኝ ሊያቃጥል ይችላል። ኃይል የሚቀንሰው በጥላሸት ሲደፈን ነው፤ ያን ጊዜ አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ መጥረግና ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ሥራውም ሩብ ሰዓት አይፈጅም።