ቅናሹ ከየት ተቀነሰ?

አሜሪካ ውስጥ የአንድ አዲስ ካሜራ ዋጋ የሚያጠያይቅ ሰው ቶሎ የሚገነዘበው ነገር አለ፤ የታወቁት ሱቆች ሁሉ የሚጠሩት ዋጋ አንድ ነው። ኒውዮርክም ይሁን ሎስ አንጀለስ፣ በአካል ተሂዶም ይሁን በኢንተርኔት፣ ልዩነቱ ቢበዛ ከካሜራው ጋር የሚመረቅ ቦርሳ ወይም ሜሞሪ ካርድ ነው። አምራቾቹ ወኪሎቻቸው ሊያስተዋውቁ የሚችሉትን ዝቅተኛ ዋጋ አስቀድመው ስለሚወስኑ፣ ቅናሽ ሲደረግ እንኳ በሁሉም ዘንድ በአንድ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን ያልቃል። እንግዲህ ሁሉም 2000 ዶላር የሚሉትን ካሜራ አንድ ድረ ገጽ ብቻ በ1300 ሲያወጣው፣ ካርዱን ከኪሱ ለማውጣት የቸኮለ ገዢ ቆም ብሎ መጠየቅ ያለበት 700 ዶላሩ ከየት እንደተቀነሰ ነው። ነጋዴ ከራሱ ኪስ አውጥቶ አይመርቅም። የተቀነሰው ከዋስትናው ሊሆን ይችላል፣ ከካርቶኑ ውስጥ መኖር ከነበረበት ዕቃ ሊሆን ይችላል፣ ከካሜራው ማንነትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ካሜራ የሚባል ነገር ከመጀመሪያው የለም።

በጣም ከተለመደውና ከሁሉም ያነሰ ክፋት ካለው እንጀምር። ይህ በንግዱ ዓለም ግራጫ ገበያ የሚባለው ነው። ካሜራው እውነተኛ ነው፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ በዚያው ሠራተኛ የተገጠመ። ግን ለሆንግ ኮንግ፣ ለጃፓን ወይም ለሌላ አገር ገበያ ታስቦ የተሸጠ ሲሆን፣ አንድ ነጋዴ ከዚያ በጅምላ ገዝቶ የአምራቹን የአሜሪካ ወኪል ሳያልፍ ያስገባዋል። ትርፉ የሚገኘው ከአገር አገር ካለው የዋጋና የምንዛሪ ልዩነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዶላር እጅግ በጠነከረበት ጊዜ ይህ ንግድ አሜሪካ ውስጥ ደርቶ ነበር። በማንሃተን 47ኛው መንገድ ላይ የነበረው 47ኛ ስትሪት ፎቶ የተባለው ሱቅ በዚህ ንግድ ስሙ ከሚነሣው አንዱ ነበር፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1988 የችርቻሮ መደብሩ ኬ ማርት ከጌጣጌጥና ሰዓት ሠሪው ካርቲየር ጋር በተከራከረበት መዝገብ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የውጭው አምራችና የአሜሪካው የንግድ ምልክት ባለቤት አንድ ኩባንያ ወይም በአንድ ባለቤት ሥር ያሉ እህትማማች ከሆኑ፣ ጉምሩክ ዕቃውን አላስገባም የማለት ግዴታ የለበትም አለ። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት በራሳቸው ቅርንጫፍ ኩባንያ ነው። በዚህም ምክንያት ግራጫ ካሜራ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም።

ወንጀል አለመሆኑ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት ሕግ ሻጩ ሦስት ነገሮችን ለገዢው በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል፤ ዕቃው አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ የአምራች ዋስትና ከሌለው፣ የእንግሊዝኛ መመሪያ ከሌለው፣ አምራቹ የሚሰጠው ተመላሽ ገንዘብ የማይመለከተው ከሆነ። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ስማቸውን የሚጠብቁ ትልልቅ ሱቆች ከውጭ የገባውን ካሜራ ከመደበኛው ለይተው፣ የራሳቸውን ዋስትና ጨምረው ሲሸጡ ኖረዋል። እንዲህ በግልጽ የሚሸጥ ነጋዴ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ይህን አንድ መስመር ማስታወቂያ በገጹ ግርጌ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የሚደብቀው፣ ወይም ጭራሽ የማይጽፈው ነው።

ዋስትና ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ኒኮንን መውሰድ ይበቃል። የኒኮን የአሜሪካ ቅርንጫፍ በራሱ በኩል ያልገባን ካሜራ በነጻ አለመጠገኑ ማንም የሚጠብቀው ነው። የብዙውን ገዢ ቅስም የሚሰብረው፣ በገንዘቤ ይጠገንልኝ ለሚል ሰው እንኳ አለመቀበሉ ነው። የመለያ ቁጥሩ ይታያል፤ የአሜሪካ ዕቃ ካልሆነ ካሜራው በመጣበት ሣጥን ይመለሳል። ታዲያ ወደ ሰፈር ጠጋኝ መውሰድ አይቻልም ወይ? ኩባንያው በ2012 ፈቃድ ለሌላቸው የአሜሪካ ጥገና ቤቶች መለዋወጫ መሸጥ አቆመ፤ በ2020 ደግሞ ፈቃድ የነበራቸውንም ውል ዘጋ። ስለዚህ ግራጫ ኒኮን የያዘ ሰው ሹተሩ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አማራጭ፣ ከአሮጌ ካሜራ ላይ ክፍል ነቅሎ የሚገጥም ባለሙያ ፈልጎ ማግኘት ነው። የጥገና ደንብ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ከመግዛት በፊት የአምራቹን ደንብ ማንበብ ከሁሉ ይቀድማል።

ሌላም አለ። በጃፓን ገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ የሶኒ አልፋ ካሜራዎች ሜኑ የሚናገረው ጃፓንኛ ብቻ ነው። ቋንቋ መቀየሪያው በቅንብሮች ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን በጭራሽ የለም። ርካሽ አገኘሁ ብሎ ያዘዘ ሰው ሣጥኑን ሲከፍት ከዓመታት የለመደውን ካሜራ እንደ ጀማሪ ምልክቱን እያየ ሊገምት ይገደዳል።

ከግራጫው አልፈን ወደ ማታለሉ ስንገባ ቀለሙ ይጠቁራል። በ2000ዎቹ ዓመታት ኒውዮርክ፣ በተለይም ብሩክሊን፣ በዚህ ስሟ ጠፍቶ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ሰፊ ማሳያ ያለው የሚመስለው ሱቅ አድራሻው ሲፈለግ የተዘጋ መጋዘን፣ የመልእክት ሣጥን ወይም ምልክት የሌለው በር ሆኖ ይገኛል፤ አንድ የአካባቢው ነዋሪ እየዞረ እነዚህን በሮች ፎቶ አንሥቶ ለሕዝብ አሳይቷቸዋል። የአሠራራቸው ስልት ዛሬም ድረስ ስላልሞተ በቅርበት ማየቱ ይጠቅማል።

ገዢው ርካሹን ካሜራ ያዝዛል። ወዲያው ትእዛዝዎን እንድናረጋግጥ ይደውሉልን የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሲደውል የሚያነሣው ሰው ትሑት ነው፤ አድራሻውን ያረጋግጥና፣ «ለመሆኑ ያዘዙት የቻይናውን መሆኑን ያውቃሉ? ሌንሱ ፕላስቲክ ነው። የጃፓኑ ትንሽ ይጨምራል» ይለዋል። ገዢው አይ ይሁን ካለ ወደ ባትሪው ይዞራል፤ አብሮ የሚመጣው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ልጨምርልዎት? ቻርጀሩስ? ማንጠልጠያውስ? በእውነቱ እነዚህ ሁሉ አምራቹ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚያሽጋቸው ናቸው። ሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ አውጥቶ ለየብቻ ነው የሚሸጣቸው። ገዢው ጥያቄዎቹን ሁሉ እሺ ካለ የከፈለው ከታወቀው ሱቅ ዋጋ ያልፋል። ሁሉንም እምቢ ካለ ደግሞ ድምፁ ይቀየራል፤ ካሜራው ለጊዜው አልቋል፣ መቼ እንደሚገባም አይታወቅም ይባላል። ካሜራው ቀድሞም በዚያ ዋጋ ሊሸጥ የታሰበ አልነበረም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ የመላኪያ ጊዜ ካልተነገረ ዕቃው በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፣ ካልሆነም ገዢው ሰርዞ ገንዘቡን የመቀበል መብት አለው ይላል። ይህን አውቆ የሚጠቅስ ደንበኛ ሲያጋጥማቸው ፈጥነው ይመልሳሉ።

ከዚህ የባሰው በትልልቆቹ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ የሚታየው ነው። ትናንት የተከፈተ፣ ወይም ከእውነተኛ ነጋዴ የተሰረቀ የሻጭ መለያ፣ ውድ ካሜራ በግማሽ ዋጋ ይለጥፋል። ከማዘዝዎ በፊት በዚህ ኢሜይል ያግኙኝ የሚል መስመርም ያክልበታል። ዓላማው ገዢውን ከገበያው ጥበቃ አውጥቶ ገንዘቡን በቀጥታ ሐዋላ ማስላክ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ያየ ሰው ከዚያ ገጽ መውጣት አለበት፤ ምንም የሚጣራ ነገር የለውም።

ማንነቱ የተቀየረ ካሜራም አለ። ኒኮን በ2012 ዲ800 እና ዲ800ኢ የተባሉ ሁለት መንትያ ካሜራዎችን አወጣ፤ የመጀመሪያው 3000 ዶላር፣ ሁለተኛው 3300 ዶላር ገደማ። በኋላም የመጀመሪያውን የፊት ሽፋን ቀይረው በሁለተኛው ስም የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውን ኩባንያው ራሱ አስጠነቀቀ። በ300 ዶላር ልዩነት ካሜራ ገልብጦ የሚሠራ ሰው ካለ፣ በመቶዎች ዶላር በሚሸጥ ሌንስ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሐሰተኛ ባትሪ ደግሞ ከኪሳራም ያለፈ አደጋ አለው። የሊቲየም ባትሪ ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይግል የሚጠብቀው ትንሽ ሰርኪዩት በውስጡ አለው፤ ሐሰተኛው ላይ ይህ ሊጎድል ስለሚችል ሊያብጥ፣ ሊቃጠል ይችላል።

ስም የለሾቹን ካሜራዎች በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ60 እና በ70 ዶላር «4ኬ፣ 64 ሜጋፒክስል» ተብለው የሚሸጡት በውስጣቸው ያለው ሴንሰር የርካሽ ስልክ ያህል ነው። ትልቁ ቁጥር የሚመጣው ትንሹን ምስል በኮምፒውተር ስሌት በመለጠጥ ነው፤ ወጥ ላይ ውሃ ቢጨመር ድስቱ ይሞላል እንጂ ሥጋው አይበዛም። ማስታወቂያው የሴንሰሩን ስፋትና የሌንሱን የብርሃን መጠን ካልጻፈ፣ ያልጻፈበት ምክንያት አለው።

ከነዚህ ካሜራዎች ጋር በነጻ የሚመረቀው ሜሞሪ ካርድም ይጠርጠር። በላዩ 256 ጊጋባይት ተጽፎበት፣ ኮምፒውተሩም 256 ብሎ አንብቦት፣ እውነተኛ ይዘቱ 8 የሆነ ካርድ በገበያው ሞልቷል። ካሜራው ምንም ስሕተት ሳያሳይ መቅረጹን ይቀጥላል፤ ከስምንተኛው ጊጋባይት በኋላ የተነሣው ግን የለም። ሠርግ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ማለት ጠዋት ሙሽሪት ከቤቷ ስትወጣ ተቀርጾ፣ ቀለበቱም፣ ምሳውም፣ ጭፈራውም ጠፋ ማለት ነው። አዲስ ካርድን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሳይፈተሽ ወደ ሠርግ መሄድ የለበትም።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገዝቶ በመንገደኛ እጅ ወደ አዲስ አበባ ለሚልክ ሰው ሒሳቡ ይለያል። የአሜሪካ ዋስትና የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ፣ ሕይወቱን አዲስ አበባ ለሚያሳልፍ ካሜራ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበትም ዋስትና ብዙ አያገለግልም። ለእንዲህ ያለው ገዢ፣ ከውጭ የገባ መሆኑን በግልጽ ከሚናገርና የራሱን ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ ግራጫ ካሜራ መግዛት ተገቢ ምርጫ ይመስለኛል። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ግን ካሜራው በገዢው እጅ ገብቶ ይፈተሽ። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የታየ ጉድለት መመለሻ የለውም።

ፍተሻው ረጅም አይደለም። ካርቶኑ ሲከፈት በስልክ ይቀረጽ። በካሜራው ሆድ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር በካርቶኑና በዋስትና ካርዱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። አንድ ፎቶ ይነሣና በፋይሉ መረጃ ውስጥ የተጻፈው የካሜራ ስም ከፊቱ ላይ ከታተመው ጋር ይታይ። ኒኮን ከሆነ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በዚያው ፋይል ውስጥ ስለሚመዘገብ፣ አዲስ ተብሎ የተሸጠ ካሜራ ሺህዎችን ቆጥሮ ከተገኘ ሌላ ሰው ሲሠራበት ቆይቷል ማለት ነው። ክፍያው በክሬዲት ካርድ ከተፈጸመ፣ የ1974ቱ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ ሒሳብ መግለጫ ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ 60 ቀን ድረስ ባልመጣ ወይም በውሉ መሠረት ባልቀረበ ዕቃ ላይ በጽሑፍ ለመከራከር ይፈቅዳል። በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ይህ መብት የለውም።