የልጅዎ ክፍል ከማማዱ ስንት ሰከንድ ይርቃል?

አሽዶድ ውስጥ ከጋዛ ሮኬት ሲተኮስና አዛካ ሲጮህ ያለን ጊዜ 45 ሰከንድ ነው። ስዴሮት 15፣ አሽኬሎን 30፣ ቤርሼባ 60፣ ቴል አቪቭ 90 ሰከንድ አላቸው። ቤቱ ውስጥ ማማድ፣ ማለትም በኮንክሪትና በብረት በር የተጠናከረ ክፍል፣ ላለው ጎልማሳ 45 ሰከንድ ይበቃል፤ ቡናውን ከእሳት አውርዶም ይደርሳል። ለሠላሳ የሁለተኛ ክፍል ልጆችና ለአንዲት መምህርት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ሽንት ቤት ሄዷል፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃለች፣ አንዱ ደንግጦ ከወንበሩ አልነሳ ብሏል። ደረጃው ላይ ደግሞ ከላይኛው ፎቅ የሚሮጡ ትልልቅ ልጆች አሉ።

የትምህርት ቤት ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው በሩን ነው። ልክም ነን፤ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። ሜይ 15 ቀን 1974 በሰሜን እስራኤል ማዓሎት ከተማ ታጣቂዎች በጉብኝት ላይ የነበሩ ተማሪዎች ያደሩበትን ትምህርት ቤት ገብተው ያዙ፤ ከ20 በላይ ተማሪዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የሲቪል ዘብ፣ ሚሽማር ኤዝራሂ፣ ተቋቋመ። ለብዙ ዓመታትም ወላጆች ራሳቸው ተራ እየገቡ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በር ይጠብቁ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ የምናየው ደመወዝ የሚከፈለው፣ መሣሪያ የታጠቀው ሾሜር የመጣው ከዚህ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በየትምህርት ቤቱ በር ከቆሙት ጠባቂዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የእኛው ሰዎች ናቸው። ፀሐይ ላይ ውለው፣ ዝናብ ላይ ቆመው የሰው ልጅ የሚጠብቁ አባቶች ናቸው። አያት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው «መታወቂያ ያሳዩ» ሲባሉ ይከፋቸዋል፤ «በመልኬ ነው ወይ የጠረጠረኝ?» የሚሉም አሉ። ጥያቄው አንዳንዴ እውነት አለው፤ ማን ብዙ ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ ማን ሳይጠየቅ እንደሚያልፍ ወላጆች ያያሉ፤ ካዩም ለርዕሰ መምህሩ መንገር አለባቸው። መታወቂያው ግን ለሁሉም መጠየቅ አለበት። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ጨዋነት መስሎን በሩን ይዘን የማናውቀውን ሰው ከኋላችን ማስገባታችን ነው። ጋን ውስጥ፣ የትንንሾቹ ሕፃናት ቤት ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ የራሱ ቋሚ ጠባቂ የለም፤ በመኪና የሚዞር ቅኝት ነው ያለው። ስለዚህ እዚያ በሩን የሚዘጋው ወላጁ ነው።

አሽዶድ ከጋዛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ለዓመታት የሮኬቱ ነገር የሌላ ከተማ ጉዳይ ይመስል ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 2008 ግን ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ደረሰ፤ በማግስቱ አንዲት የአሽዶድ ነዋሪ መንገድ ላይ ሳለች ተገደለች። ዲሴምበር 31 ላይ ደግሞ ቤርሼባ ውስጥ አንድ ሮኬት የትምህርት ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ባዶ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ትምህርት እንዲቋረጥ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው። እነዚያን ልጆች ያዳናቸው ግንቡ አልነበረም፣ ቤት እንዲቀሩ የተሰጠው ትእዛዝ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላው ችግር ይወስደናል፤ እንደኔ አስተያየት ለእኛ ቤተሰቦች ትልቁ ወደሆነው።

የሲቪሉን ሕዝብ ጥበቃ የሚመራው የጦሩ ክፍል፣ ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ በጦርነት ጊዜ ለየአካባቢው መመሪያ ያወጣል። ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ በቀር የመመሪያው ፍሬ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ወደ ተጠናከረ ቦታ መድረስ የሚቻልበት ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ የማይቻልበት አያስተምርም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ትምህርት ቀስ በቀስ ሲመለስ የሆነው ይኸው ነው። በቂ ማማድ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉንም ተማሪ አስገባ፤ ቦታ ያነሰው በፈረቃ አደረገ፤ ምንም የሌለው በዙም ቀጠለ። ጁን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ተዘጋ።

ዙም ሲባል ቀላል ይመስላል። አምስት ልጆች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስልክ፣ ዕብራይስጥ የማያነቡ አያት፣ ጽዳት ወይም ፋብሪካ የምትሠራና ቤት መቅረት የማትችል እናት ላሉበት ቤት ግን ዙም ማለት ትምህርት የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚኖሩት ማማድ በሌለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የተቀመጠው ከትምህርት ቤቱ ያልተሻለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ማማድ የሕይወት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጅዎ በዓመት ስንት ቀን እንደሚማርም ይወስናል።

ለምን አንዱ ትምህርት ቤት ኖሮት ሌላው ያጣል? መልሱ በአብዛኛው የሕንፃው ዕድሜ ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ ሚሳይሎች ሲወድቁ፣ ሰው ሮጦ ወደ ሩቅ ሚክላት መድረስ እንደማይችል ታየ። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ የሚሠራ ሕንፃ የተጠናከረ ክፍል እንዲኖረው የታዘዘው። አሽዶድ የተቆረቆረችው በ1956 ነው። በቆዩት ሰፈሮች ያሉ ሕንፃዎች የተሠሩት ከሕጉ በፊት ነው፤ እነሱ የተሠሩበት ዘመን መከላከያ ከመሬት በታች ያለው ሚክላት ነበር። ሚክላቱ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ከሦስተኛ ፎቅ ተነስቶ በ45 ሰከንድ ይደረሳል ወይ የሚለው ነው።

በስዴሮትና በአካባቢዋ መንግሥት የትንንሾቹን ክፍሎች ሙሉ በሙሉ አጠናክሮ፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ግን ወደ ተጠናከረ ቦታ ይሩጡ ብሎ ነበር። ወላጆች ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ ሜይ 2007 ላይ ፍርድ ቤቱ ተቀበላቸው፣ የትልልቆቹም ክፍሎች እንዲጠናከሩ አዘዘ። ውሳኔው ለጋዛ ቅርብ ለሆኑት እንጂ ለአሽዶድ አይደለም። ግን ያንን ግንብ ያስቆመው የወላጆች ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኢሪያው፣ ገንዘብ ሲያከፋፍል ብዙ የጠየቀ ትምህርት ቤት ይታወሳል። በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ የእኛ ሰው ከሌለ ማን ይጠይቅልን?

ችግሩ ቋንቋ ነው ይባላል። ነው። መልእክቱ በዋትሳፕ በዕብራይስጥ ይመጣል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ስለ ራሱ ደኅንነት ያስተረጉማል፤ የከበደውን ቃል ደግሞ ይዘለዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ለመጡ ልጆች ደግሞ ድምፁ ራሱ አዲስ ነው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ደወል ማለት የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ነበር፤ ሲሰማ ልጅ የሚሮጠው ወደ ውጭ ነው። እዚህ አዛካ ሲሰማ ወደ ውስጥ ነው።

ስለዚህ መምህሯን የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው። የልጄ ክፍል የትኛው ማማድ ይገባል? ሌላ ክፍልም አብሮ ይገባበታል ወይ፣ ከገባ ሁሉም ይችላሉ? መጨረሻ ልምምድ ሲደረግ ስንት ሰከንድ ፈጀ? በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ያሉትስ? ከትምህርት በኋላ በጻሃሮን የሚቆዩትን ማን ያስገባቸዋል፣ ጠባቂውስ በዚያ ሰዓት አለ? እግሩ የሚያነክስ ወይም ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ ካለዎት እጁን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይወቁ። ማማዱ የወንበርና የሳጥን ማከማቻ ሆኖ ካገኙትም ዝም አይበሉ፤ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ልጅም ወላጅም የሚምታታበት አንድ ነገር አለ። ለሮኬት የማማዱ የብረት በር ይዘጋል። ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን ቶሎ ወደ ሜዳ መውጣት ነው የሚመከረው፤ መውጣት ካልተቻለና ማማድ ከተገባ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ግድግዳው ቢጣመም በሩ ተቆልፎ እንዳይቀር። ለልጅ ይህን በአማርኛ፣ ቤት ውስጥ፣ በሰላሙ ቀን መንገር ይሻላል።

አዛካ ሲጮህ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት አይሩጡ። የእናት ሆድ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ግን በዚያች ደቂቃ ልጁ ጣሪያ ስር ሲሆን እርስዎ መንገድ ላይ ነዎት። ከመንገዱ ዳር የቅርቡን መጠለያ ይያዙ፤ ልጁን በኋላ ይደውሉለታል። የፒኩድ ሃኦሬፍ የመረጃ ስልክ 104 ነው።

ሴፕቴምበር 1 ትምህርት ሲጀመር፣ ወይም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ፣ መምህሯን ከክፍሉ እስከ ማማዱ አብራችሁ እንድትሄዱ ይጠይቋት። ስልክዎ ላይ ሰዓቱን ይክፈቱና በልጅዎ እርምጃ ይራመዱ።