ተራ ሳይጠበቅ የሚጀመረው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናም ሆነ በሞጣ ቼዝ የሚማር ወጣት በቅድሚያ የሚነገረው፣ ነጭ ጨዋታውን እንደሚጀምርና ከዚያም ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ በተራ እንደሚጫወቱ ነው፡፡ ቀደም ባሉት ዘመናት በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አጀማመር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር፡፡

በዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል፡፡ በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የእርምጃ ቁጥር ሳይወሰንባቸው፣ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፡፡ አንደኛው የተቃራኒውን አሰላለፍ ተመልክቶ የራሱን መልሶ ማስተካከል ይችላል፡፡ ወረራው የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ምርኮ ሲወስድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል፡፡ ስለሆነም ዋናው ጥበብ በእጅ ፍጥነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሳይሆን፣ መቼ መማረክ እንደሚገባ በማወቅ ላይ ነው፡፡ ቸኩሎ የማረከ ተጫዋች የራሱንም ዝግጅት ያቋርጣልና፡፡

ደንቡ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስልም፡፡ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን የሚያቋርጥ ሳይሆን አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ የሚራመድ ነው፤ ፊል ወይም ሳባ የሚባለው ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘላል፤ መደቅ የተባለው እግረኛም ከመነሻው አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፡፡ እንዲህ ያለው ቀርፋፋ ሠራዊት በተራ ቢሰለፍ ጊዜ በፈጀ ነበር፡፡ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መያዝ እንደ ትልቅ ችሎታ የማይቆጠር ሲሆን፣ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር፡፡ ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ጮክ ብሎ ይመክራል፡፡

ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል፡፡ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ የትግራዩን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ገልጿል፡፡ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ደንብ በጥናት አቅርበዋል፡፡ ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ ጨዋታው እየጠፋ ሄዷል፡፡

በዘመናዊው ቼዝም ያልተለመደ አከፋፈት ውጤት ያስገኘበት ጊዜ አለ፡፡ እንግሊዛዊው ቶኒ ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1980 በስዊድን ስካራ ከተማ፣ የጠርዙን እግረኛ አንድ ቤት ብቻ በማንቀሳቀስ ጀምሮ የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን አናቶሊ ካርፖቭን አሸንፏል፡፡ ይሁንና ማይልስ ያልተለመደ እርምጃ መረጠ እንጂ ተራውን አልጣሰም፡፡

ስለ ሰንጠረዥ የተጻፈው አብዛኛው የተገኘው ከውጭ አገር ተጓዦች ሲሆን፣ እነርሱም ያዩት በገዥዎች አዳራሽ ነው፡፡ በቢቸናና በሞጣ የባህል ሥራ የሚያከናውኑ ባለሙያዎች ገበጣንና የገናን ጨዋታ ሲመዘግቡ፣ አረጋውያንን ስለ ወረራና ስለ መደቅ ጭምር ቢጠይቁ፣ ከቤተሰብ ዕቃ መካከልም የቀድሞ መጫወቻዎች መኖራቸውን ቢያጣሩ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቃቸውም፡፡ ደንቡን ከአባቶቻቸው የሰሙት ሰዎች ግን ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ ሥራው ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሚተላለፍ አይደለም፡፡