ጭሱ ሌላ፣ ሰልፈሩ ሌላ

ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻው ይቃጠላል፤ በማግስቱም አንዱ «ባለሙያ» ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ከተማው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ታፍኖ እንዳደረ ይነግረናል። ሬዲዮኑን ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ። ባሕር ዛፍና ደረቅ ቅጠል ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ሰልፈር የለም። ዓይን የሚያስለቅሰው ጭሱ ሌላ ጉድ ነው።

ሰልፈርን እንደ ወጥ ጨው ቁጠሩት። ወጥ ቢያር ጥፋቱ የማማሰልና የእሳት ነው፤ ጥላሸትም እንዲሁ፣ ሞተሩ በደንብ ካነደደ ይቀንሳል። ጨው ግን ቢያማስሉት አይጠፋም። ናፍጣው ሰልፈር ካለው መኪናው አዲስም ሆነ አሮጌ ያው ይወጣል። ስለዚህ ወይ አስቀድሞ ነዳጅ ማጣሪያው ዘንድ መቀነስ ነው፣ ወይ ጨው በበዛበት ወጥ ላይ እንደሚደረገው ድንች ጨምሮ ማስመጠጥ። የከሰል ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠመው የኖራ ድንጋይ ማጠቢያ ድንቹ መሆኑ ነው። ድንቹ ደግሞ አይጣልም፤ ጂፕሰም ሆኖ ለግንባታ ይሸጣል። (ወጡን እዚህ ላይ ብናወርደው ሳይሻል አይቀርም።)

አንድ ስልጠና ላይ መለኪያ ይዘን ጣና ዳር ወጣን። ዓሣ ከሚጠበስበት ምድጃ አጠገብ የብናኙ ቁጥር ተተኮሰ፤ የሰልፈሩ ንቅንቅ አላለም። «ተበላሽቷል» አለኝ አንዱ ሰልጣኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ፣ ከሆቴሉ ጀርባ የናፍጣ ጄኔሬተር ተነሣ። መሣሪያውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጋነው፤ ቁጥሩ ወጣ።

የአገሮች የሰልፈር ልቀት መስመርም በግራፍ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው በነዳጁና በማጠቢያው ነው። ቻይና ከ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ ማጠቢያውን በግዴታ አስገጠመች፤ ልቀቷ ከግማሽ በላይ ወረደ። ህንድ ስታጓትት ቆይታ በለጠቻት። የኛ መስመር ግን ከመሬት አልተነሣም። ሕጋችን ስለጠበቀ አይደለም፤ ወንዝ ስላለን ነው። ጢስ ዓባይ አንድ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ጣና በለስ በ2010 እ.ኤ.አ. 460 ሜጋ ዋት ይዞ ተከተለ። ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሆነው መብራታችን ከውኃ ነው።

እውነተኛውን ሰልፈር ማየት የፈለገ ወደ አፋር ይመልከት። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሬዲዮኖቹ በኅዳር ጭስ በተንጫጩ በሁለተኛው ቀን፣ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን አልፎ ህንድ ደረሰ። በሳተላይት ምስል ላይ ጎልቶ የታየው እሱ ነው፤ በአገር የልቀት መዝገብ ላይ ግን እሳተ ገሞራ አይቆጠርም።

በሰው እጅ ካለው ግን የሚያናድደኝ የከሰሉ ነገር ነው። ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ከሰል እንተካ ሲባል ስንት ዶላር እንደሚድን ይነገራል፤ ሰልፈሩ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከጣና በስተ ሰሜን ምዕራብ ጭልጋም ከሰል አለ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ከሆነ አልሟገትም፤ ምድጃው ውስጥ ያለው ኖራ ራሱ ብዙውን ሰልፈር ይውጠዋል። የሌላው ፋብሪካ ቦይለር ግን ኖራ የለውም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «የጎጃም ገበሬ 7 በመቶ ሰልፈር ያለው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በውድ ሲገዛ አልነበር? በነፃ ከሰማይ ቢወርድለት ምን አለበት?» አለኝ። የሚወርደው አሲድ ሆኖ ነው። የጎጃም ደጋ አፈር ደግሞ አሲዱ አስቸግሮት ገበሬው ዛሬም ኖራ በኩንታል እየገዛ ይበትናል።