ጨጓራ ነው ብለው አይለፉት

በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ አንድ ስም አለው፤ ጨጓራ። ሕመሙ ሲነሣ አብሽ ይመታል፣ ተልባ ይበጠበጣል፣ ካልሆነም ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ይገዛል። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ውድ አንባቢያን፣ ሐሞት ከረጢት፣ የሐሞት ቧንቧና ቆሽትም የሚገኙት በዚያው አካባቢ ነው። የእነርሱ ሕመም በአብሽ አይመለስም፤ አንዳንዱም ቀን አይሰጥም።

ጉበታችን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል፤ ሥራውም ቅባት እንዲፈጭ መርዳት ነው። ከፊሉ ከጉበት ሥር ባለች ትንሽ ከረጢት ይጠራቀምና ቅባት ስንበላ ከረጢቷ ተጨምቃ ወደ አንጀት ትለቀዋለች። ታዲያ በውስጧ ጠጠር ተፈጥሮ መውጫዋን ከዘጋውስ? በበዓል ማታ፣ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ወይም መሐል ላይ ኃይለኛ ሕመም ይነሣና ወደ ቀኝ ትከሻና ወደ ጀርባ ይዘልቃል። ጠጠሩ ከቦታው ሲነቃነቅ ሕመሙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ ሰውም “ጨጓራዬ ተሻለኝ” ብሎ ይተኛል። ሴቶች፣ በተለይ የወለዱ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ውፍረት ያላቸው፣ ደግሞም በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች ለጠጠር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። (ከእናቶች ኅብረታችን ከዚህ የሚያመልጥ ጥቂት ሰው ነው!)

ሕመሙ ሳይለቅ 6 ሰዓት ካለፈውና ትኩሳት ከታከለበት ከረጢቷ ራሷ ተቆጥታ አብጣ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በቀኝ ጎድን ሥር በጣቱ ጫን ብሎ “አየር ወደ ውስጥ ሳቢ” የሚለው ይህን ለመለየት ነው፤ የበሽተኛዋ ትንፋሽ በሕመሙ መሐል ላይ ቁርጥ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሕመሙ ጀርባን እየወጋ ትውከቱ አላቆም ካለ ደግሞ ቆሽት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በደም ምርመራ ይታያል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ዋናው የሐሞት ቧንቧ ሲዘጋ ነው። የሚዘጋው በጠጠር ብቻ አይደለም፤ ወስፋትም ከአንጀት ወጥቶ ሊገባበት ይችላል። ያን ጊዜ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። “የወፍ በሽታ ነው” ተብሎ ወደ ባህል መድኃኒት የሚኬደው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 የገለጻቸው ሦስት ምልክቶች ዛሬም ሐኪሞች የሚፈልጓቸው ናቸው፤ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫነትና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት። ሦስቱ ከተገናኙ በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ ተብሎ ይጠረጠራል፤ ወደ ደም ከተሰራጨ ሕይወት ይቀጥፋል። ሦስቱም ሳይሟሉ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱ ከታዩ ሦስተኛውን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይጸለያል፤ እስኪነጋ ቤት መቆየት ግን አይደለም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ደምና ሽንት ይመረመራል፣ አልትራሳውንድ ይታያል። የልብ ድካም መስሎ ባይታይም የልብ ሕመም ከእምብርት በላይ ሊያም ስለሚችል የልብ ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። እኅቶች፣ የእርግዝና ምርመራ ቢጠየቅ አይቆጡ፤ ከማኅፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝናም ድንገተኛ የሆድ ሕመም ያመጣል። አልትራሳውንድ የከረጢቷን ጠጠር በደንብ ያሳያል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ኢንፌክሽን ካለ በደም ሥር ፀረ ባክቴሪያና ፈሳሽ ይሰጣል፤ የተዘጋው ቧንቧም መከፈት አለበት። ይህ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ በጎን በኩል በሚገባ መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ይሠራል። ካሜራው በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ሪፈር ከተባሉ ቀን አያሳልፉ። የሚያሠቃይ ጠጠር ያለባት ከረጢት በቀዶ ሕክምና ትወጣለች፤ ያለ እርሷም በደህና ይኖራል። በአጋጣሚ የተገኘና ሕመም የሌለው ጠጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

በየስልኩ የሚዞረው የዘይትና የሎሚ መጠጥስ? ከጠጡት በኋላ በሰገራ የሚወጡት አረንጓዴ እንክብሎች ዘይቱ ራሱ በሆድ ውስጥ ተለውጦ የረጋቸው ናቸው፤ ጠጠሩ ያው ከቦታው አለ። ከዚህ በፊት አልትራሳውንድ ተነሥተው ከሆነ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ እስኪመረመሩም ምግብ አይቅመሱ።